የጎማ ነገር

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ፍቅር ተጽፏል፤ ስለ ሞት ተጽፏል፤ ስለ ክረምት ዝናብማ ስንቱ ጻፈ! እኔ ስለ መኪና ጎማ ልጽፍ መነሣቴን የሰማ ጓደኛዬ «ብለህ ብለህ ጎማ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሣቀብኝ። ይሣቅ። እኔም ከእርሱ በፊት ሥቄ ነበር። ሣቄን ያቋረጠውን ነገር ነው እንግዲህ የማወጋችሁ።

ሰፈራችን ነፋስ ስልክ ነው። ስሙ የመጣው ድሮ በአካባቢው ከነበረው፣ ያለ ገመድ ከሚሠራው የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው ይባላል፤ ሽቦ ሳይዘረጋለት በነፋስ የሚናገር ስልክ መሆኑ ነው። ዛሬ በሰፈራችን በነፋስ ላይ የቆመ ነገር ቢኖር ጎማ ብቻ ነው። ከጎተራ እስከ ሳሪስ፣ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ዳሩን ብትሄዱ ጎሚስታ አታጡም። ደጁ ላይ አሮጌ ጎማ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ተሰቅሏል፤ ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፤ ክሪኩ መሬት ላይ ተጋድሟል። እኛም አሮጌ ጎማ በእንጨት እየነዳን ነው ያደግነው። ስለዚህ ጎማን የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከሳሪስ ስታዲየም ይጭናል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አንድ ማታ እራት በልተን ስናበቃ እንዲህ አለኝ፦

«ስማ፣ ቦሎ ደርሷል። የፊቶቹ ሁለቱ ጎማዎች መላጣ ሆነዋል፤ በነሱ ምርመራ አያሳልፉኝም። እኔ ተራ ስጠብቅ፣ ስጭን ሳራግፍ ይመሻል። አንተ የተማርክ ነህ፤ የትኛው ጎማ እንደሚሻል አጠያይቅና ንገረኝ።»

አያችሁ፣ አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔን ትምህርት ለሥራ ፈለገው! ደስታዬ ወሰን አጣ። ታዲያ የኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነገር፣ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጎማ ቤት መሰላችሁ? ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው።

እዚያም ብዙ ነገር አነበብኩ። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የዛፍ ጎማን ከድኝ ጋር ቢያግሉት በሙቀት የማይቀልጥ፣ በብርድም የማይሰነጠቅ ጠንካራ ነገር እንደሚወጣው አገኘ፤ ራሱ ግን በ1860 ዕዳ እንደ ተቆለለበት ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ኩባንያ የተመሠረተው ሰውየው ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ነው፤ ቤተሰቡም ከኩባንያው ጋር ዝምድና የለውም። ደንሎፕ የሚባለው ደግሞ ቤልፋስት ከተማ የሚኖር የከብት ሐኪም ነበር፤ በ1888 የትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ አይቶ አየር የተሞላ ጎማ ሠራላት። የኮንጎንም አነበብኩ፤ ዓለም ጎማ ጎማ ሲል የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ወኪሎች የታዘዘውን ያህል የጎማ ወተት ባላመጣው ሕዝብ ላይ ያደረጉትን፣ የተቆረጡትን እጆች አነበብኩ። ያን ቀን ምሳ አልበላልህ አለኝ።

በአማርኛችን ውስጥ ያለውንም ቆጠርኩ፦ ጎማ፣ መኪና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ቦሎ፣ ጎሚስታ። ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ጣልያንን ከአገር ብናስወጣውም በመኪናው ሥር ተኝቶ ቀርቷል ማለት ነው! ይህን ማታ ለአባቴ ስነግረው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጥሩ ነው፤ ታዲያ የቱን እንግዛ?» አለኝ።

በማግሥቱ ደብተሬን ይዤ ወደ ሾፌሮች ወጣሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የአባቴን ጓደኛ፣ ሌላ የሚኒባስ ሾፌር ነው። «ጃፓን ጃፓን ነው!» አለኝ፤ «ብሪጅስቶን ወይ ዮኮሃማ አስገባና ተኛ። እኔ ሁለት ዓመት ነድቼበት ጥርሱ ገና አላለቀም።» ቀጥዬ ያገኘሁት የላዳ ታክሲ ያላቸው ሽማግሌ በአገራችን ጎማ የማይደራደሩ ሆነው ተገኙ። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመውን የጎማ ፋብሪካ ምርት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ስሙ አዲስ ጎማ ሲባል፣ ኋላ ከስሎቫኮች ጋር ተሻርኮ ማታዶር ሲባል፣ ከዚያም ሆራይዘን ሲባል እሳቸው ላዳቸውን አልለወጡም። «ጎኑ ደንዳና ነው ልጄ፤ ለኮብልስቶን እሱ ነው» አሉኝ።

በቪትዝ ተሳፋሪ የሚያመላልሰው ወጣት በሁለቱም ሣቀባቸው። «የቻይና ርካሹን ግዛ፤ ዓመት ነድተህ ጣለው፤ በሌላ ቻይና ተካ። ሒሳቡን ሥራው!» አለኝና በስልኩ ላይ አካፍሎ አባዝቶ አሳየኝ። የአይሱዙው ሾፌር ስለ ስሙ ግድ የለውም፤ ከመነዳሪ ያለውን የናይለኑን ጎማ ነው የሚወድ፤ ጭነት ሲበዛበት ጎኑ አይለፈስፍም ይላል። ከተገጠመ ወዲያ መንገድ ላይ ሲበሳ በቀላሉ ይጠገናል፤ በቃ።

አንድ ባለ ኤሌክትሪክ መኪናም አግኝቻለሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ ድምፅ አልባ መኪናዎች በሰፈራችን እንደ አሸን ፈልተዋል። ይህን ሰው ያገኘሁት ግን በኋላ፣ የምነግራችሁ ነገር ከደረሰ በኋላ ስለሆነ በቦታው ላንሣው፦ «ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልኩ ስል ጎማ ያዘኝ» ነው ያለኝ። ባትሪው መኪናዋን ያከብዳታል፤ ስትነሣም ኃይሏን በአንዴ ነው የምታወጣው፤ ጎማዋ ቶሎ ይበላል።

ከሁሉም ንግግሩ ያጠረ የሲኖትራክ ሾፌሩ ነበር። ከጅቡቲ ገብቶ ቃሊቲ መግቢያ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። «የትኛው ጎማ ይሻላል?» ስለው «አዲሱ» አለኝ። «እሺ፣ ከአዲሱስ የትኛው?» ስለው «አዲሱ አልኩህ እኮ!» ብሎ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደ። በደብተሬ ላይ «መልስ አልሰጠም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን መስመር ዛሬም ባየሁት ቁጥር ያመኛል።

ዐሥራ አንድ ሾፌሮች ጠይቄ ድምፅ ቆጠርኩ። ሰባቱ በአንድ የታወቀ ስም ላይ ተስማሙ። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የስሙ አልነበረምና። ያንን ስም ይዘን ከአባቴ ጋር ጎማ ልንገዛ ወጣን። ዋጋው ሰማይ ነክቷል። አባቴ ሊመለስ ሲል አንድ ነጋዴ ጠራን፤ ያው ስም፣ ያው ቁጥር፣ ያው ጥርስ፤ ዋጋው ግን ከሌላው በሩብ ያንሳል። «ድሮ የገባ ዕቃ ነው፤ በድሮው ዋጋ ነው የምሸጥላችሁ» አለን። ጎማው በጥቁር ቅባት ተወልውሎ እንደ ሠርግ ጫማ ያበራል። አባቴ አየኝ። እኔም ደብተሬን ዘርግቼ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ይኼ ነው አባባ» አልኩት። ሁለቱን ገዛን። ቦሎውም ተለጠፈ። አባቴ ለጓደኞቹ «ልጄ ነው አጥንቶ የገዛልኝ» ሲል ሰምቼ ሰማይ የምነካ መሰለኝ።

ስምንት ወር ተኩል ነዳ።

ጳጉሜን 4 ቀን ነበር። የዘመን መለወጫ ገበያ ነውና መንገዱ በዶሮ፣ በሽንኩርትና በሰው ተጨናንቋል። እኔ ከስታዲየም ወደ ቤት ስመለስ ከአባቴ ጎን ጋቢና ተቀምጫለሁ። መኪናዋ ዐሥራ ሁለት ሰው ነው የምትይዝ፤ ያን ምሽት ዐሥራ ስድስት ነበርን። እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው የምናገረው፤ ዐውዳመት ነው፣ ረዳቱም ይጣራል፣ አባቴም ዝም ይላል። ጎተራን አልፈን ወደ ሳሪስ ስናዘቀዝቅ ከግራ በኩል እንደ መድፍ ያለ ነገር ጮኸ። መኪናዋ ወደ መሐል አካፋዩ ተወረወረች። ከኋላ ጩኸት፣ ጸሎት፣ የዶሮ ክንፍ ጥፍጥፍታ አንድ ላይ ተነሣ።

አባቴ ፍሬን አልያዘም። በኋላ ሳስበው ያዳነን ይህ ነው። እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሣ፤ መሪውን በሁለት እጁ እንደ በሬ ቀንድ አንቆ ያዘው፤ መኪናዋ ራሷ እየደከመች፣ ቸርኬው አስፋልቱን እየፋቀ፣ አካፋዩን ታክካ ቆመች። ፍሬን ቢይዝ ኖሮ እንገለበጥ ነበር ይላሉ የሚያውቁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችን ተርፈናል» ተባባልን። ሁላችን ግን አልነበርንም። ከኋላ ወንበር በእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የነበረች የሰባት ዓመት ልጅ ግንባሯ ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ተጋጭቶ ደሟ በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ይወርዳል። አባቴ ልጅቷን አቅፎ መንገድ ተሻገረ። ቁስሉ ተሰፋላት፤ ደኅና ነች ተባለ። እናትየዋ አባቴን አልከሰሰችውም፣ አልሰደበችውምም። «ዐውዳመት ነው፤ ተርፈናል» ብቻ አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስኮርታውን አስረን ወደ ሰፈራችን ሽማግሌ ጎሚስታ ደረስን። የፈነዳውን ጎማ አገላብጠው አዩት፤ ጣታቸውን በጎኑ ላይ አሻሹበት፤ ከዚያ ስልካቸውን አብርተው ጠሩኝ።

«አንተ ዩኒቨርሲቲ ነህ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እስቲ ይህችን አንብብልኝ።»

በጎማው ጎን ላይ፣ ወደ ውስጥ በሚዞረው ወገን፣ በፊደሎች መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር በእንቁላል ቅርጽ ተከቦ ተጽፏል፦ 3811።

«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዐሥራ አንድ» አልኩ።

«እንዲያ አይነበብም» አሉኝ። «ሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት፣ የፈረንጅ ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ነው የሚባል። የተሠራበት ነው። በኛ አቆጣጠር ምን ይሆናል?»

አሰብኩት፤ መስከረም 2004 ዓ.ም. ነው። ይህ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ እኔ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። ስንገዛው ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጎማ ደግሞ ሳይነዱትም ያረጃል፤ አየርና ሙቀት እያደር ያደርቁታል፤ መተጣጠፉን ትቶ ይሰነጠቃል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ብዙ የጎማ አምራቾች ከዐሥር ዓመት በላይ አትንዱበት ነው የሚሉት። ያ ጥቁር ቅባት የተቀባውም ስንጥቁን ሊሸፍን ኖሯል። ሙሉው ቁጥር የሚታተመው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ጎማውን አላገላበጥኩትም። የኮንጎን ታሪክ ያነበበ ሰው አራት ቁጥር ማንበብ አቃተው!

የሲኖትራኩ ሾፌር ትዝ አለኝ። ለካ መልሱን ሰጥቶኝ ነበር።

ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም። ሌሎቹንም ጎማዎች እየዞሩ አስነበቡኝ። መሐሉ ብቻ የተበላ ጎማ አየሩ የበዛበት ነው፤ ሁለቱ ዳር የተበላ አየር ያነሰው ነው፤ አንዱ ዳር ብቻ የተበላ የፊት እግሩ ቅን አይደለም። የቀኝ ጎማ ጎኑ የሚቆስለው ሾፌሩ ተሳፋሪ ሊያነሣ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ሲያሻሸው ነው። በጥርሶቹ መሐል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታው ሲተካከል 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል ማለት ነው፣ ጊዜው አብቅቷል። 106 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ ብቻውን 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አታስቸግሩኝ ነው የሚል። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይግላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚፈነዳውም እንዲያ ሲግል ነው። ስለዚህ አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

«ጎማ አይዋሽም» አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ሁሉን ጎኑ ላይ ጽፎ ነው የሚመጣ። የሚዋሸው ሻጩ ነው፤ የሚሰንፈው ገዢው ነው።» አባቴን ደግሞ ዞር ብለው አዩትና «አንተስ ስንት ሰው ጭነህ ነበር?» አሉት። አባቴ መሬት መሬት አየ።

ያን ሌሊት ደብተሬን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ዐሥራ አንዱም ሾፌሮች አልዋሹኝም። እያንዳንዱ የነገረኝ የገዛ ጎማውን ነው፤ በየትኛው መንገድ፣ ከምን ጭነት በታች፣ በስንት አየር፣ በፊት እግር ይሁን በኋላ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ገዛው ግን አልጠየቅኋቸውም። ለቪትዙ ልጅ እውነት የሆነው ለአይሱዙው ውሸት ነው። እኔ ግን ሰባት ከዐሥራ አንድ ብዬ ድምፅ ቆጠርኩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት በፈተና ላይ ስንት ጊዜ ተርጉመን ማርክ አግኝተንበታል፤ ሥሩ ግን ጭቃ ውስጥ ነበር፤ ጎንበስ ማለት ይፈልግ ነበር።

በማግሥቱ ሁለት ጎማ መግዛት ግድ ሆነ፤ የቀኙም ያው የ2004 መንትያው ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። ለበግ የተቀመጠው ገንዘብ ወጣ፤ ለኔ መመዝገቢያና መጽሐፍ የተቀመጠውም ተከተለው። በዚያ እንቁጣጣሽ ቤታችን በግ አልታረደም። ጎማ ነው የገባው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። ያልፈነዳውን የቀኙን ጎማ አውልቀን ደጅ እንዳቆምነው አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጥቶ አየው። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ አሁንም ያበራል። «በስንት ትሰጡኛላችሁ?» አለ። የጠራውም ዋጋ የበጉን ግማሽ ይሆናል። እናቴ አባቴን አየችው፤ እኔም አየሁት። በውስጤ «እኛን የሸጠልን ማን አዘነልን?» የሚል ነገር እንደ ተነሣ አልክድም። አባቴ ምንም አልመለሰም። ወደ ጓዳ ገብቶ የሽንኩርት ቢላዋ ይዞ ወጣ፤ ጎማውን አጋድሞ በጉልበቱ ተጭኖ ጎኑን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ደረቅ ስለነበረ እንደ አሮጌ ቆዳ ነው የተተረተረው። ከዚያ ለሰውየው «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይኼ ለሽያጭ አይደለም» አለው። ሰውየው አብደናል ብሎ ሄደ።

ሁለቱን ቆራሌው በጥቂት ብር ወሰዳቸው። መርካቶ ጎማ ተራ ገብተው ባልዲ፣ የጭነት ገመድ ወይም በረባሶ ሆነው ይሆናል። ቤተልሔም ጥላሁን የተባለችው ኢትዮጵያዊት እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስ ይህንኑ የበረባሶ ጥበብ ይዞ ባሕር ማዶ ድረስ ጫማ ሸጧል። የኛም ጎማ እግር ላይ ይዋል፤ ሌላ ሕፃን ከሚያቆስል።

አዲሶቹ ጎማዎች ስማቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ የቻይና ጎማዎች ናቸው። በደብተሬ ውስጥ ማንም አላነሣቸውም። ጎሚስታው ዘንድ ከመታሰራቸው በፊት አባቴ ራሱ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ፈልጎ አነበበ፤ 1924 ይላል።

«እንዴ! ይኼ ደግሞ ከጣልያን በፊት ነው እንዴ የተሠራው?» አለ ደንግጦ።

«አይደለም አባባ፤ ዐሥራ ዘጠነኛው ሳምንት፣ ሁለት ሺህ ሃያ አራት ነው። የዘንድሮ ግንቦት መባቻ።»

ከጳጉሜን 4 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ።

ወዳጄ አንባቢ፣ አንተም እንደኔ መኪና የለህም፤ በሰው ጎማ ላይ ተሳፍረህ ነው የምትማረው። ነገ ሚኒባስ ስትጠብቅ ወደ ወንበሩ ከመሻማትህ በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለህ የፊት ጎማውን እይ። ጉብታው ከጥርሱ ጋር ተካክሎ እንደሆነ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ እንደሆነ ታየዋለህ። ዐሥራ ሦስተኛ ሆነህ ስትገባም የምትሸከመህ አራት ጎማ መሆኗን አስብ፤ እኔ ያን ምሽት አላሰብኩም ነበር።

እሑድ እሑድ ጠዋት መኪናዋ ሳትነሣ የአየር መለኪያውን ይዤ አራቱን እየዞርኩ እለካለሁ፤ አባቴ ቡናውን እየጠጣ በመስኮት ያየኛል። ያቺ ልጅ ሳሪስ አጠገብ ነው ቤቷ። አንዳንድ ቀን ከእናቷ ጋር ትሳፈራለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ ቀጭን ነው፤ ፀጉሯ ሲወርድ ይሸፍነዋል። አባቴ ሒሳብ አይቀበላቸውም። ዐሥራ ሁለት ሲሞላም በሩን ይዘጋል፤ ረዳቱ ያጉረመርማል።